ጢማሙ ንጉሥ ከወለሉ ሥር

የቤተ መዘክሩ ሠራተኞች በሙሉ «እትዬ ሳንቲም» ይሏታል። ፊት ለፊት የሚጠራት የለም፤ እሷ ግን ታውቃለች፣ ቅርም አትሰኝም። የዕድሜዋን ግማሽ ያሳለፈችው በምድር ቤቱ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ከሚዛኗ ጋር ነው። ከመሬት የወጡ የድሮ ሳንቲሞች ሁሉ በእጇ ያልፋሉ። ለምን እንዳላገባች ሲጠይቋት፣ «የኔዎቹ ወንዶች ሁሉም ነገሥታት ናቸው። ሁሉም ሞተዋል፤ አንዳቸውም ዞር ብለው አያዩኝም» ትላለች። እውነቷን ነው፤ ሳንቲም ላይ ያለ ንጉሥ ሁልጊዜ የሚያየው ወደ ጎን ነው።

ድሮ አንድን ሳንቲም መለየት የትዕግሥት ሥራ ነበር። ትመዝነዋለች፣ ወርዱን ትለካለች፣ ከዚያ በወፋፍራም መጻሕፍት ውስጥ ታስሳለች። ከመጻሕፍቱ ካጣችው ስስ ወረቀት ደርባበት በእርሳስ እያሸች ምስሉን ታነሣለች፤ ባሕር ማዶ ላለ ባለሙያም በፖስታ ትልካለች። መልሱ የሚመጣው ወቅት ተለዋውጦ ነው። አንዳንዴማ ባለሙያው ሞቶ፣ ሚስቱ ናት ይቅርታ ጠይቃ የምትመልሰው።

ኢንተርኔት ሲመጣ ይህ ሁሉ ተገለባበጠ። የድሮ ሳንቲም ወዳጆች የሚሰባሰቡበት አንድ ገጽ አለ፤ ጡረተኛው፣ ሻጩ፣ ተማሪው፣ ሥራ ፈቱ ሁሉ እዚያ ነው። ፎቶ ሰቅላ ሻይዋ ሳይቀዘቅዝ መልስ ይመጣላታል። አንድ ቀን፣ እሷ መሳቢያ ውስጥ ያለው ሳንቲምና በሌላው የዓለም ጫፍ አንድ ሰው ቤት ያለው ሳንቲም ከአንድ ማተሚያ ብረት የወጡ መሆናቸውን አወቀች። ሁለቱም ላይ ከንጉሡ ጆሮ ሥር አንዲት ቀጭን ስንጥቅ አለች፤ ስንጥቋ የብረቱ ነበረች። ያን ቀን ብቻዋን እየሳቀች ኮሪደሩን ስትዞር ጥበቃው አይቷት «ምነው ደኅና አይደሉም?» ብሏታል።

ቤተ መዘክሩ ሠራተኞቹ የግለሰብ ሳንቲም እንዲመረምሩ አይፈቅድም። ስለዚህ በገጹ ላይ ስሟን ደብቃ «አጉሊ መነጽር» ተባለች። አጉሊ መነጽር በገጹ ላይ እንደ ዳኛ ነበረች፤ እሷ ከተናገረች ክርክር ያበቃል። ይህ ደግሞ፣ በምድር ቤት ውስጥ ማንም ሳያያት ለኖረች ሴት፣ ልብ የሚያሞቅ ነገር ነው።

ከነገሥታቱ ሁሉ አንዱ ዕድሜዋን ሙሉ እንቆቅልሽ ሆኖባታል። ስሙ ስለማይነበብ ሰብሳቢዎች «ጢማሙ» ይሉታል፤ ያ ከጆሮው ሥር ስንጥቅ ያለበት ንጉሥም እሱ ነው። ሳንቲሞቹ እዚህም እዚያም ይገኛሉ፤ የት እንደተሠሩ ግን የሚያውቅ የለም።

አንድ ቀን «ዝምተኛው» የሚባል አዲስ ሰው በግል ጻፈላት። ፎቶም አያይዟል፤ ጓንት ባጠለቀ መዳፍ ላይ፣ ገና እርጥብ አፈር ያልለቀቃቸው ሦስት ሳንቲሞች። «ይቅርታ፣ እነዚህ ምንድን ናቸው?» ይላል።

ጢማሙ ነበር። ምሳዋን ረሳች።

ሕጉን ታውቃለች፤ ከመሬት የወጣ ቅርስ ለመንግሥት ይሰጣል። «እባክዎ ቁፋሮውን አቁመው ቅርብ ወዳለው ቤተ መዘክር ይውሰዱት» ብላ ጻፈች። ከዚያ አየችው። ይህን ብትልከው ሰውየው ውኃ ሆኖ እንደሚሰርግ ገባት። አጠፋችውና በምትኩ «ጢማሙ ነው። ሌላ አለ?» ብላ ላከች።

«ያለ ይመስለኛል።»

ከዚያ በኋላ በየጥቂት ቀኑ ፎቶ ይመጣ ጀመር። ስም አልጠየቀችውም፤ እሱም አልጠየቃትም። ሰውየው ጨዋ ነው፤ «እርስዎ» እያለ ነው የሚጽፍላት፤ የምትለውንም ሳያዛንፍ ይፈጽማል። አንድ ረፋድ የላከላት ሳንቲም አልነበረም፤ ምስል ያልተመታባቸው ልሙጥ ክብ ብረቶች ነበሩ። ከወንበሯ ተነሣች። ልሙጥ ብረት ይዞ ገበያ የሚሄድ የለም። ልሙጥ ብረት የሚገኘው ሳንቲም በሚሠራበት ቦታ ብቻ ነው።

ወዲያው ጻፈች፤ «እቶን ይኖራል። እቶን ካለ አመድ አለ። ጥቁር አፈር ስታገኙ እሱን ተከተሉ።»

«ምን ያህል እንግባ ይላሉ?»

«እስኪያልቅ።»

እሑድ እናቷን ልትጠይቅ ሄደች። እናትየው የሚኖሩት ከከተማው ዳር፣ ተዳፋት ላይ፣ ሟቹ ባላቸው በድንጋይና በጭቃ በሠሩት ቤት ውስጥ ነው። ታናሽ ወንድሟም ከሳቸው ጋር ነው። የቧንቧ ሠራተኛ ነበር፤ ድርጅቱ ሲዘጋ ሻንጣውን ይዞ እናቱ ቤት ገባ። አርባ ዓመት አልፎታል፤ ፀጉሩም ሸሽቷል፤ እናትየው ግን ዛሬም «ማሙሽ» ነው የሚሉት፤ መንደሩም አብሮ ማሙሽ ይለዋል።

በሩን ስትገፋው አልንቀሳቀስ አለ። በትከሻዋ ገፍታ ገባች።

«እሱም እንደኔ ወገቡን ይዞታል» አሉ እናቷ ከሶፋቸው ሳይነሡ። «ቤቱ አብሮኝ አረጀ፣ ልጄ። ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ ባስቀምጥ እየተንሸራተተ ይሄዳል።»

ቀና አለች። ከጣሪያው ጀምሮ እስከ መኝታ ቤቱ በር ጉበን ድረስ ስንጥቅ ወርዷል። ጣቷን ሰደደችበት፤ ገባላት።

«ይሄ መቼ መጣ?»

«እኔ ምን አውቄ። አይጡ ይሆናል።»

«አይጥ ግድግዳ ይሰነጥቃል እንዴ፣ እማዬ?»

«የዛሬ አይጥ ምን ያቅተዋል! ከአልጋዬ ሥር ቀኑን ሙሉ ይቆረቁራል። የመንግሥት ሠራተኛ ነው የሚመስለው፤ በሁለት ሰዓት ገብቶ በአሥራ አንድ ሰዓት ይወጣል። ብቻ ይሄኛው እሑድም አያርፍም።»

ሳቀች። «ማሙሽስ የት አለ?»

«ዕቃ ቤት ነው። የቧንቧው መስመር በስብሷል ብሎ ሊቀይርልኝ እየለፋ ነው፤ ይባረክ። ሁለት ጓደኞቹ ያግዙታል። እንዴት ያሉ ጨዋ ልጆች መሰሉሽ! ጫማቸውን ደጅ አውልቀው ነው የሚገቡት። አፈሩንም በጆንያ እያወጡ ጓሮውን ደለደሉልኝ።»

«ግንበኛ አመጣለሁ» አለች፤ ስንጥቁን እንደገና እያየች። እናቷ ጋደም ልበል ብለው መኝታ ቤት ገቡ።

ብቻዋን ስትቀር ስልኳ ነዘራት። ዝምተኛው ነው። ፎቶው ላይ እንደ ከሰል የጠቆረ አፈርና በእሳት የቀላ የጡብ ጠርዝ ይታያል። «አመዱ ሰፋብን። ወዴት እንሂድ ይላሉ?»

«ወደ ወፈረበት» ብላ መለሰች።

ከዕቃ ቤቱ በር ጀርባ አንድ ስልክ ጢጥ አለ።

ልብ አላለችውም። ቀጠለች፤ «ጡቡን አትንኩት። አስቀድማችሁ ፎቶ አንሡ።»

ከበሩ ጀርባ እንደገና ጢጥ።

ስልኩን እንደ እባብ ራቅ አድርጋ ይዛ፣ ዓይኗን ከበሩ ላይ ሳትነቅል፣ አንዲት ነጥብ ብቻ ጽፋ ላከች።

ጢጥ።

ተነሥታ በሩን ከፈተችው። የዕቃ ቤቱ ወለል የለም። መሐሉ ላይ ትልቅ ጉድጓድ ተከፍቷል፤ መሰላል ብቅ ብሎ ይታያል፤ የመብራት ገመድ ወደ ውስጥ ይወርዳል። ወንድሟ ጠርዙ ላይ ተቀምጦ፣ አንድ እጁ ላይ ጓንት አጥልቆ፣ በሌላው ስልኩን ይዞ ነጥቧን እያየ ግንባሩን ቋጥሯል።

«እታለም! አንኳክተሽ ግቢ እንጂ!» ብድግ አለ።

«ይሄ አጉሊ መነጽር የምትሉት ማነው?»

ደነገጠ። «በምን አወቅሽ? ባሕር ማዶ ያለ ትልቅ ፕሮፌሰር ነው። ለእማዬ እንዳትነግሪ እንጂ፣ እኛ እኮ…»

«እኔ ነኝ።»

ሳቀ። የራሷን ስልክ አዙራ አሳየችው። ሳቁ ፊቱ ላይ ትንሽ ቆየና ረገፈ። አድርጎት በማያውቅ ዝግ ያለ ድምፅ፣

«ታዲያ ለምን አቁም አላልሽኝም?» አለ። «ፕሮፌሰር ነው ብዬ የተባልኩትን ሁሉ ሳደርግ። አቁም ቢለኝ አቆም ነበር እኮ።»

ጎንበስ ብላ ወደ ጉድጓዱ አየች።

«ወዴት ነው የቆፈራችሁት?»

በአገጩ አመለከተ። ወደ መኝታ ቤቱ ነው። «አመዱን ተከተሉ አልሽ። ተከተልን።»

ከጉድጓዱ አንድ ረጅም ሰው አንገቱን አወጣ። ቀጥሎ ከሥሩ አንድ አጭር ሰው፣ «ሻይ መጣ እንዴ?» አለ። ማሙሽ ሁለቱን የተዋወቃቸው በዚያው ገጽ ላይ ነው።

«ማናት?» አለ ረጅሙ።

«እህቴ ናት። አጉሊ መነጽር… እሷ ናት አሉ።»

ረጅሙ ከላይ እስከ ታች አያት። «እንግዲያማ እግዜር ነው ያመጣዎት። ይውረዱና ይዩልን።»

«ማንም አይወርድም! እናቴ እዚያ ላይ ተኝታለች፤ አሁኑኑ ውጡ!»

«እንወጣለን» አለ ረጅሙ በእርጋታ። «እቶኑን ብቻ አንዴ ይዩትና ምን እንደሆነ ይንገሩን፤ ከዚያ እንደፍናለን።»

አልወርድም ልትል አፏን ከፈተች። እግሯ ግን መሰላሉ ላይ ነበር።

ታች ያለው መንገድ ጎንበስ ተብሎ የሚኬድ ነው። ጣሪያው በአሮጌ የበር ሳንቃና በቁም ሣጥን ጣውላ ተደግፏል፤ አንዱን ጣውላ አወቀችው፤ የአባቷ መጻሕፍት መደርደሪያ ነበር። አጭሩ ሰው አምፖሉን ይዞ ፊት ፊት ይመራታል። «ጠባብ ነው፤ ቢሆንም ኪራይ የለውም» አለና ለራሱ ሳቀ።

ከዚያ አየችው። የተቃጠሉ ጡቦች ግማሽ ክብ ሠርተው ቆመዋል። አመድ፣ የብረት ማቅለጫ ስባሪ፣ ከአፈሩ አንገቷን ያወጣች ማሰሮ። አጭሩ ሰው ከመሬት አንድ ድብልብል ብረት አንሥቶ ሰጣት። በጣቷ ጠረገችው። ጢማሙ ነበር፤ ግን ወደ ውስጥ ተቀርጾ፣ ፊቱም በተቃራኒ ዞሮ። ሳንቲሞቹ የተመቱበት ብረት ነው። ከጆሮው ሥር ያቺ ስንጥቅ አለች።

ምን ያህል እንደቆየች አታውቅም። «አምፖሉን ቀረብ አድርገው» ትላለች፤ «እዚህ ጋ አሳየኝ» ትላለች። አፈር እንደ ዱቄት እየተነፋ አንገቷ ውስጥ ይገባል፤ በእጇ ታራግፈዋለች፤ እንደገና ይገባል። ረጅሙ ከኋላዋ ማሰሮዋን በማንኪያ እየዞረ ይፈለፍላል። ማሙሽም ተከትሏት ወርዶ፣ ትከሻዋ ላይ ተደግፎ፣ ልጅ ሆነው አብረው ሥዕል እንደሚያዩበት ጊዜ ያያል።

ከዚያ ከጭንቅላቷ በላይ የአልጋ ሽቦ ተንጫረረ።

ሳል መጣ። የእናቷ ሳል። ቅርብ ነበር፤ ሰው ጆሮዋ ሥር የሳለ ያህል። ከዚያ ነጠላ ጫማ ወለሉን መፈለግ ጀመረ፤ አንዱ እግር፣ ቆይቶ ሌላው። በእያንዳንዱ እርምጃ ከጣውላዎቹ መካከል አፈር ይፈሳል።

«ልጆች፣ ሻይ ላፍላላችሁ?» አለ ድምፁ ከላይ።

ያኔ ነቃች። «ውጡ!» ብላ በሹክሹክታ ጮኸች፤ ድምፅ ያፈርሰዋል ብላ የፈራች ይመስል። «ሁላችሁም ውጡ! ማሙሽ፣ ና!»

«ማሰሮዋን ትተን?» አለ ረጅሙ፤ ቀና እንኳ አላለም።

ማሙሽ ወደ መሰላሉ ዞሮ ነበር። ማሰሮ ሲባል ቆመ። «ሂጂ፣ እማዬን አውጫት፤ መጣሁ» አላት።

አፈር በአፈር ሆና ወጣች። እናቷ መኝታ ቤቱ መሐል ቆመው ሹራባቸውን ይፈልጋሉ።

«ምን ሆነሽ ነው? ወደቅሽ እንዴ?»

«ምንም አልሆንኩ። ነይ፣ ጎረቤት ጠርተውሻል።»

«ማን? ያ ጡረተኛ ፖስተኛ? ከመቼ ወዲህ ነው እኔን የሚጠራው?»

«ነይ በእናትሽ!»

«መነጽሬን ልያዝ እንጂ፣ ምን ያጣድፍሻል?»

ክንዳቸውን ይዛ እየጎተተች፣ እሳቸውም እየተቆጡ፣ በሩን ስባ ከፍታ አወጣቻቸው። አጥሩ ጋ ሲደርሱ ሰሙት። ትልቅ ድምፅ አልነበረም። ሰው ሲደክመው በረጅሙ እንደሚተነፍስ ነው። የመኝታ ቤቱ ጣሪያ ወደ ውስጥ ታጠፈ፤ ከመስኮቱ ቢጫ አቧራ ወጣ፤ ከዚያ ጸጥ አለ።

በአቧራው ውስጥ ረጅሙ ሰው ከዕቃ ቤቱ መስኮት ዘለለ። ትከሻው ላይ ከረጢት አለ። ሊሮጥ ካለ በኋላ ተመለሰ፤ ደጃፉ ላይ ከተደረደሩት ጫማዎች የራሱን ለየ፣ በእጁ ያዘ። በእናትየው አጠገብ ሲያልፍ «ይቅርታ፣ እናቴ» አለ። ሄደ።

«ማሙሽስ?» አሉ እናትየው። «ማሙሽስ የት አለ?»

መንደሩ በአካፋና በእጁ ቆፈረ። ማሙሽን ከመሰላሉ ሥር አገኙት፤ ነፍሱ አለች፤ ቀኝ እግሩ ግን እንዳልነበረ ሆኗል። አጭሩን ሰው ያወጡት በማግስቱ ነው። ስሙን የሚያውቅ ስላልነበረ አስከሬኑን የሚጠይቅ እስኪመጣ ብዙ ቆየ። ጫማው ደጃፉ ላይ ነበር።

ለፖሊስ ማንም ሳይጠይቃት ሁሉንም ተናገረች፤ የጻፈችውንም የመለሱላትንም ሁሉ አሳየች። ኪሷ ውስጥ የቀረውን ድብልብል ብረት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። የቤተ መዘክሩ ዳይሬክተር ተጠርተው መጡ። ከሥራ መታገዷን የሚገልጹበትን ንግግር አዘጋጅተው ነበር፤ ብረቱን ሲያዩ ግን ቃሉ ጠፋባቸው። መነጽራቸውን አደረጉ፣ አገላበጡት። ፖሊሱ እስኪያፍርላቸው ድረስ ቆይተው፣ «ሌላስ አለ?» አሏት።

ማሙሽ በክራንች እየሄደ ፍርዱን ይጠብቃል። ከእህቱ ጋር አይነጋገርም፤ የሚፈልገው ነገር ካለ በእናቱ በኩል ነው የሚያስነግረው። እናትየው አሁን ሴት ልጃቸው ጋ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የሚኖሩት። አልጋ ላይ አይተኙም፤ ወንበር ላይ ያንቀላፋሉ።

«ከኛ ሥር ማን አለ?» ይሏታል።

«ሰው ነው፣ እማዬ። ባልና ሚስት ናቸው።»

«ታውቂያቸዋለሽ?»

ወራት አለፉ። ስልኳን እንደማትነካው ለራሷ ቃል ገብታ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ግን ከፈተችው። ከከረጢቱ የወጡት ሳንቲሞች ገጹ ላይ ነበሩ፤ ያ ረጅሙ ሰው በአዲስ ስም ሰቅሏቸዋል። ከሥራቸው ሰዉ ተሰብስቧል። አንዱ ልሙጦቹን ብረቶች አስተውሎ፣ ልክ እሷ እንዳደረገችው፣ ለሁሉም ያስረዳል፤ «ይሄ ተራ የተቀበረ ገንዘብ አይደለም። እዚያ ቦታ ገና ብዙ አለ» ይላል።

ስሟን ሳትደብቅ ጻፈች፤ «በነዚህ ሳንቲሞች ምክንያት ሰው ሞቷል፤ የእናቴ ቤት ፈርሷል። እባካችሁ ተዉት።»

ደቂቃ አልሞላም። «የት?» አለ አንዱ።

«የት ነው ቤቱ?» አለ ሌላው።

ከዚያ መልሱን ከሷ መጠበቅ አላስፈለጋቸውም። ስሟን ያየ አንድ ሰው የቤተ መዘክሩን አድራሻ አመጣ። ሌላው በአካባቢው ስለፈረሰ ቤት የወጣ አጭር ዜና አገኘ። ሦስተኛው ከሰማይ የተነሣ የከተማዋን ፎቶ አምጥቶ፣ ጎን ለጎን ካሉት ጣሪያዎች መካከል ጣሪያ የሌለውን በቀይ ከበበው። አመስግነውታል። ጎበዝ ብለውታል። ጽሑፏን አጠፋችው፤ ግን ሃያ ሰው ቀድቶ ይዞት ነበር።

በዚያው ሳምንት ጡረተኛው ፖስተኛ ደወሉላት።

«ልጄ፣ ግቢያችሁ ውስጥ ሰዎች አሉ። አካፋ ይዘዋል። ከቤተ መዘክር ነን ነው የሚሉት። አንቺ ነሽ የላክሻቸው?»

ፖሊስ ይዛ ስትደርስ ማንም አልነበረም። ፖሊስ ግቢውን የከለለበት ገመድ ተቆርጦ ተንጠልጥሏል። ፍርስራሹ መሐል አዲስ ጉድጓድ ተከፍቷል፤ አፈሩ ገና እርጥብ ነው። ወደ ውስጥ አየች። ጉድጓዱ ወደ እናቷ መኝታ ቤት አልሄደም፤ እዚያ ያለው አልቋል። በአጥሩ ሥር ታጥፎ ወደ ፖስተኛው ቤት ይሄዳል።

ሽማግሌው በረንዳቸው ላይ ቆመው እጃቸውን አውለበለቡላት።

«አባባ፣ ዛሬውኑ ከዚህ ቤት ይውጡ» አለቻቸው በአጥሩ ላይ ተደግፋ።

ሳቁ፤ ሐዘን አእምሮዋን እንደነካው ሰምተዋል። «ወዴት ልውጣ፣ ልጄ?» አሏት። «እኔ እኮ ከዚህ ሌላ አድራሻ የለኝም።»